ፌስቡክ መታወቂያ ይጠይቀን? በባጃጅ የተረሳው ዓሣ

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ ክፍሌ ውስጥ አይደለሁም። ጣና ዳር ነኝ። ነፋሱ ማይኩን እየመታው ከሆነ ይቅርታ። ጠዋት መቅረጽ ነበረብኝ፣ እንቅልፍ ጣለኝ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጣና እንደምታውቁት ዝም አይልም።

ጥያቄው ይሄ ነው። ማኅበራዊ ሚዲያ የሚጠቀም ሰው ሁሉ ማንነቱን በመታወቂያ ማረጋገጥ አለበት ወይ? ባለፈው ቪዲዮ ሥር ሁለት ጎራ ሆናችሁ ስትፋለሙ ነበር። እኔም ልግባበት።

ነገሩ እኔንም ነክቶኛል። በቅርቡ አንድ ሰው በእኔ ስምና በእኔ ፎቶ አካውንት ከፈተ። የዘጌ ቡና በቅናሽ እሸጣለሁ እያለ ተከታዮቼን በውስጥ መስመር ያናግራል። አንዲት እህታችን 2,000 ብር ላከች። ቡናው እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ነው። እኔ ቡና እጠጣለሁ እንጂ አልሸጥም! ለመድረኩ፣ ማለትም ለማኅበራዊ ሚዲያው ድርጅት፣ አመለከትኩ። ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «አንተ አንተ መሆንህን አረጋግጥ፣ መታወቂያህን ላክ።» ሌባውን መታወቂያ የጠየቀው የለም። የተጠየቅኩት እኔ ነኝ።

ያን ቀን እቤት የገባሁት «ሁሉም ይመዝገብ! በአሥር ጣቱ ይፈርም!» እያልኩ ነው። አሁን እንደዚያ አልልም። ሐሳቤን ያስቀየረኝ ባጃጅ ነው። አዎ፣ ባጃጅ።

ሁለት ኪሎ ቆሮሶ ዓሣ ገዝቼ ከጊዮርጊስ ወደ አባይ ማዶ በባጃጅ ተሳፈርኩ። ስልክ እያወራሁ ነው። ወረድኩ፣ ከፈልኩ፣ ባጃጁ ሄደ። ዓሣውም አብሮ ሄደ። ባለቤቴ በር ላይ ቆማ «ዓሣውስ?» አለችኝ። እኔ ዝም። ደግነቱ እሷ ከሩቅ የባጃጁን የጎን ቁጥር አይታዋለች። እኔ የሾፌሩን ፊት እንኳ አላስታውስም።

በነጋታው ወደ ባጃጆቹ ማኅበር ሄድኩ። አንድ ጋሼ ወፍራም መዝገብ ይዘው ተቀምጠዋል።

«ምን ጠፋብህ ልጄ?»
«ዓሣ።»
«ምን?»
«ዓሣ፣ ጋሼ። ሁለት ኪሎ።»

ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው መዝገቡን ገለጡ። የጎን ቁጥሩን በጣታቸው ፈለጉ፣ አገኙ፣ ደወሉ። ልጁ ዓሣው እሱ ጋ እንዳለ አመነ። እኔ አልኩ፦ «ጋሼ፣ ስልክ ቁጥሩን ይስጡኝና እኔው ላናግረው።» መዝገቡን ዘጉት። «ስልኩን ምን ያደርግልሃል? የፈለግኸው ዓሣህን አይደል?»

እዚህ ላይ ቪዲዮውን አቁማችሁ አስቡበት። ጨርሳችኋል? እሺ።

የሾፌሩን ስም እስከ ዛሬ አላውቅም። ግን ያለስም እየነዳ አይደለም። ቁጥር አለው። ቁጥሩ መዝገብ ላይ አለ። መዝገቡ ጋሼ እጅ ነው። እኔ ጥያቄ ሲኖረኝ ጋሼ ይገልጡታል፣ ለኔ ግን አያነቡልኝም። ተሳፋሪ ሁሉ የሾፌሩን ስም፣ የእናቱን ስም፣ የቤት ቁጥሩን ሳያውቅ በየቀኑ ይሳፈራል። ምንም አልሆነም። ዓሣው ምን ሆነ የምትሉ፣ ሾፌሩ «ሊበላሽ ሲል ባለቤቴ ጠበሰችው» ብሎ ብሩን ከፈለኝ። ትንሽም ጥብስ በሳህን ጨመረልኝ። ከኛ ቤት ጥብስ ይሻል ነበር። ይሄን ቪዲዮ ባለቤቴ እንዳታይ።

ስለዚህ ለኔ ክርክሩ «ይታወቅ ወይስ አይታወቅ» አይደለም። መዝገቡ ማን እጅ ነው? ማንስ ያስገልጠዋል? እሱ ነው።

ስም ሳይሰጡ ማረጋገጥ እንዴት እንደሚቻል፣ ቴክኒኩን ቶሎ ቶሎ ልበለው። የሚያውቃችሁ ሌላ ሦስተኛ ወገን አለ። መድረኩ ይጠይቀዋል፦ ሰው ነው? ከ18 በላይ ነው? እሱም በዲጂታል ፊርማ የታተመ «አዎ» ወይም «አይደለም» ይመልሳል። ስም አይሄድም፣ ፎቶ አይሄድም። ብሔራዊ መታወቂያችን ፋይዳም ላይ አዎና አይደለም ብቻ የሚመልስ ማረጋገጫ አለ። እዚህ ጣና ላይ ያለው ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴት አይገባም፣ አይደል? ደሴቱ ላይ ስትወርዱ ግን ስማችሁን ማን ጠየቃችሁ? የሚታየው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ወንድ ወይስ ሴት። አለቀ፣ ቴክኒኩ ይሄው ነው።

አሁን ወደ አንድ አስተያየት ልሂድ። ብዙዎቻችሁ ላይክ ስላደረጋችሁት ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም። «ወንድሜ፣ ለምን ትደክማለህ? ስሙ አጠገብ ሰማያዊ የማረጋገጫ ምልክት ያለውን ብቻ ማመን ነው። ምልክት ያለው የሚናገረው እውነት ነው» ይላል። ሌላው ከሥሩ፦ «እሱ ራሱ ምልክት የለውም፣ ፌክ ነው።» አመሰግናለሁ።

ኧረ በጣና! ምልክቱ እንዲህ አይደለም። ትዊተር (የዛሬው ኤክስ) በ2009 የጀመረው (ዛሬ የማነሳው ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው) ታዋቂ ሰዎችን ከአስመሳይ ለመለየት ነበር። በ2022 ኖቬምበር ላይ ግን 8 ዶላር ለከፈለ ሁሉ ሰጠው። ቀናት እንኳ ሳይቆይ አንዱ ተነሳ። ኢላይ ሊሊ በሚባለው መድኃኒት አምራች ስም አካውንት ከፈተ፣ 8 ዶላሩን ከፈለና «ኢንሱሊን በነፃ ሆኗል» ብሎ ጻፈ። ምልክቱ አለ! ሰዉ ተቀባበለው። እውነተኛው ኩባንያ ወጥቶ ይቅርታ እስከ መጠየቅ ደረሰ። የፌስቡክ ባለቤት ሜታ በ2023 የጀመረው ደግሞ ክፍያም የመንግሥት መታወቂያም ይጠይቃል፣ የተሻለ ነው። ግን እሱም የሚነግራችሁ ማን እንደተናገረ ነው። ውሸት በመታወቂያም ይወራል። የእኔ አጎት በሙሉ ስሙ፣ በሙሉ ፎቶው፣ ከእነጋቢው ሆኖ በየቀኑ የሐሰት ዜና ሼር ያደርጋል። መታወቂያ ምን ያግዘው?

«በስም ቢሆን ስድብ ይቀራል» የምትሉም አላችሁ። ደቡብ ኮሪያ ሞክራዋለች። በ2007 ትልልቅ ድረ ገጾች ላይ አስተያየት የሚጽፍ ሁሉ ማንነቱን እንዲያረጋግጥ ሕግ አወጣች፣ በ2009 አሰፋችው። ዩቲዩብ ያኔ «ኮሪያ» ብለው ለመረጡ ሰዎች ቪዲዮ መጫንና አስተያየት መጻፍን ዘጋ። ሰዉ ምን አደረገ? አገሩን ቀየረ። ፓስፖርት አውጥቶ ሳይሆን ሴቲንግ ገብቶ። በ2011 ኔይትና ሳይወርልድ የሚባሉት ድረ ገጾች ተጠለፉ፣ የ35 ሚሊዮን ሰው መረጃ ተዘረፈ። የጋሼን መዝገብ አንድ ሰው ሌሊት ይዞት ሲጠፋ አስቡት። በ2012 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ሕጉን በሙሉ ድምፅ ሻረው። ሕገ ወጡ ጽሑፍ ይህ ነው በሚባል ደረጃ አልቀነሰም፣ ሰዉም ወደ ውጭ አገር ድረ ገጾች ሄደ አለ።

ሌላም አለ። ድሮ ነገሥታቱ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ያስጠይቁ ነበር ይባላል። እረኛው ከማዶ ሆኖ ያንጎራጉራል፣ ግጥሙ ይሰማል፣ ባለቤቱ አይታወቅም። መታወቂያህን አሳይና አንጎራጉር ቢሉት ስለ ላሞቹ ነው የሚያንጎራጉረው። ንጉሡም ስለ ላም ይሰማ ነበር። ዛሬም ቢሮዋ ውስጥ ጉቦ ያየች ልጅ፣ ባሏ የሚደበድባት ሴት፣ ስለ ሕመሙ ለመጠየቅ ያፈረ ሰው በሌላ ስም ነው የሚጽፉት። እኔ እነሱን አላስመዘግብም።

ታዲያ የቡናው ሌባስ? እሱን አስመዘግበዋለሁ! የኔ አቋም ይሄ ነው፤ ካልተስማማችሁ ከታች ጻፉ፣ ስድቡን ግን ቀነስ አድርጉት። ብር የሚቀበል ይመዝገብ። የሚሸጥ፣ ማስታወቂያ የሚያስነግር፣ ለታማሚ ርዳታ የሚሰበስብ ይመዝገብ። የሚያወራ ይተው። ተሳፋሪ የጎን ቁጥር አይለጥፍም፣ የሚለጥፈው ሒሳብ የሚቀበለው ነው። አንዱን ከሌላው ለይቶ መጠየቅም አዲስ ነገር አይደለም። በእኛው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 (ይሄኛው እንኳ በእኛ አቆጣጠር ነው) ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው አካውንት ሐሰተኛ መረጃ ማሰራጨት እስከ 3 ዓመት እስራት ያደርሳል። እኔ 5,000ን አልፌያለሁ፤ ለዚህ ነው የምናገረውን ሁለት ጊዜ የማጣራው። 5,000 ያደረሳችሁኝ እናንተ ናችሁ፣ ያልተመዘገባችሁ ደግሞ ተመዝገቡ። ሰብስክራይብ ማለቴ ነው!

መዝገቡ ይያዝ ከተባለ ደግሞ መድረኩ እጅ አይግባ። እኔን «አንተ አንተ ነህ?» ያለኝ መድረክ፣ የላክሁትን መታወቂያ የት እንዳስቀመጠው እስከ ዛሬ አልነገረኝም። ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ገልጦ የሚያነብም አይኑር። እንደ ጋሼ ዓይነት ሰው ነው የምፈልገው፤ ደውሎ የሚጠይቅልኝ፣ ስልኩን ግን የማይሰጠኝ።

ጀልባው እየተንጫጫ መጣ፣ ድምፄ አይሰማም፣ ልዝጋው። ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር «ያ ጥብስ የሚሠራበት ባጃጅ የጎን ቁጥሩ ስንት ነው?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ።

አልነግራችሁም።