ኒውዮርክ ለምን «ደስታ የራቃት» ተባለች?

[ምስል፦ የኒውዮርክ የምድር ባቡር ጣቢያ በማለዳ። ሰው ይተላለፋል፤ ማንም ማንን አያይም።]

«ኑሮ እንዴት ነው?» ተብሎ የተጠየቀ አበሻ ምን እንደሚመልስ ታውቃላችሁ። «ተመስገን ነው»። ጣሪያው ቢያፈስም ተመስገን ነው፤ ደሞዝ ቢዘገይም ተመስገን ነው። ይቺን መልስ ያዙልኝ፣ እንመለስባታለን።

በ2014 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው) ኤድዋርድ ግሌዘር፣ ጆሹዋ ጎትሊብ እና ኦረን ዚቭ የተባሉ ሦስት የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች ደስታ ስለራቃቸው የአሜሪካ ከተሞች ጥናት አወጡ። መገናኛ ብዙኃን ከጥናቱ መዝዘው ያራገቡት አንድ ነገር ነው፤ የነዋሪዎች ዕድሜና የመሳሰለው ልዩነት ሲስተካከል፣ ከትልልቆቹ ከተሞች ግርጌ ላይ የተገኘችው ኒውዮርክ መሆኗን።

ሰው ግን ዛሬም ወደዚያው ይጎርፋል። ታዲያ ወይ ጥናቱ ተሳስቷል፣ ወይ ሰዉ አብዷል?

መጀመሪያ ጥያቄውን እንየው። መረጃው የመጣው የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በስልክ ከሚያካሂደው የጤና መጠይቅ ነው። ስለ ሲጋራ፣ ስለ ስኳር፣ ስለ ደም ግፊት ይጠየቅና በመሀል አንዲት ጥያቄ ጣል ትደረጋለች፤ «በጠቅላላው በሕይወትዎ ምን ያህል ረክተዋል?» ምርጫው አራት ነው፦ በጣም ረክቻለሁ፣ ረክቻለሁ፣ አልረካሁም፣ በጭራሽ አልረካሁም። ከአሥር አሜሪካዊ ከዘጠኝ በላይ የሚሆነው ከመጀመሪያዎቹ ሁለት አንዱን ይመርጣል። እንግዲህ «ደስታ የራቃት» የተባለችው ከተማ፣ አብዛኛው ነዋሪዋ ረክቻለሁ ያለባት፣ ግን «በጣም» የምትለዋን ቃል ከሌላው ቆጠብ ያደረገባት ልትሆን ትችላለች። ከዚህ ተነስቶ «የሐዘን ከተማ» ብሎ ርእስ ማውጣት የጋዜጠኛው ድፍረት እንጂ የመረጃው አይደለም።

ማን እንደተጠየቀም ይታይ። በዚያው ጥናት ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ ከደስተኞቹ ተርታ ነበሩ። ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ያላችሁ፣ በሁለት ሥራ መሀል መኪና ውስጥ የምታሸልቡ፣ እንኳን ደስ አላችሁ! ቀልዱን እንተወውና፣ ይህ መጠይቅ የሚካሄደው በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ነው። የልጅ ልጅ ልታሳድግ ሄዳ ቀኑን ሙሉ ቤት ዘግታ የምትውለው እናታችን ስልኩን ብታነሳ እንኳ መልሷ አይመዘገብም። የከተማዋ አማካይ ሲሰላ እሷ የለችበትም።

[ምስል፦ አሥር ደረጃ ያለው መሰላል። ከታች 0፣ ከላይ 10።]

ወደ ዓለም አቀፉ እንሂድ። በ2020 የወጣው የዓለም የደስታ ሪፖርት 186 ከተሞችን ደረደረ። አንደኛ ሄልሲንኪ፣ መጨረሻ ካቡል። መሠረቱ ጋለፕ የተባለው የሕዝብ አስተያየት ሰብሳቢ ድርጅት ቃለ መጠይቅ ነው፤ የሚገርመው፣ ደረጃውን በወሰነው ጥያቄ ውስጥ «ደስታ» የሚል ቃል የለም። ሃድሊ ካንትሪል የተባለ ተመራማሪ የቀረጸው ነው፤ መሰላል ያስቡ ይላል። ጫፉ ለእርስዎ ከሁሉ የተሻለው ሕይወት፣ እግሩ ከሁሉ የከፋው። አሁን ስንተኛው ላይ ነዎት?

እስቲ «ተመስገን»ን በቁጥር አስቀምጡልኝ። አራት ነው ወይስ ስምንት? አንዱ ምስጋናውን ቆጥሮ ሰባት ይላል፤ ጎረቤቱ ዓይን እንዳይገባበት አምስት ይላል፤ ሁለቱም አልዋሹም። ደግሞ የመሰላሉን ጫፍ የሚተክለው ራሱ መላሹ ነው። ገበሬ ለነበሩት አባት ጫፉ የሞላ ጎተራና የተዳሩ ልጆች ሊሆን ይችላል። ልጃቸው ግን በስልኩ ዱባይን ሲያይ ያድራል፤ የእሱ መሰላል ረዝሟል። በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ አባት ከፍ፣ ልጅ ዝቅ ብለው ይቆማሉ።

አንድ ከተማ እዚያ ዝርዝር ላይ ለመግባት በአምስት ዓመት ውስጥ ቢያንስ 300 ሰው የተጠየቀባት መሆን ነበረባት። የሰው መልስ ደግሞ ከመሰላሉ ታች እስከ ላይ የተበተነ ነው። 300 ሰው ብቻ በተጠየቀባት ከተማ አማካዩ ሩብ ነጥብ ያህል ወደ ላይም ወደ ታችም ሊዋዥቅ ይችላል። መሀል ላይ ከተሞቹ ተጠጋግተው ስለሚቆሙ ሩብ ነጥብ ብዙ ደረጃ ያዘልላል። ስለዚህ 90ኛ የወጣችው ከ110ኛዋ ትበልጣለች ብሎ መከራከር ጊዜ ማባከን ነው።

ግርጌው ግን ሌላ ነገር ነው። ካቡል፣ ሰንዓ፣ ጋዛ፣ ፖርቶፕሪንስ፣ ጁባ። እዚህ ላይ ስለ መጠይቁ አልከራከርም። ሰው ዝም ብሎ እንደማይመልስም ማስረጃ አለ፤ አንድሩ ኦስዋልድ እና ስቲቨን ዉ በ2009 ባወጡት ጥናት፣ አሜሪካውያን ስለ ኑሯቸው የሰጡት መልስ በአየር ንብረት፣ በትራፊክ መጨናነቅና በመሳሰሉት ከተለካው የየክፍለ ግዛቱ የኑሮ ደረጃ ጋር ይገጣጠማል። እዚያም ኒውዮርክ (ከተማዋ ሳትሆን ክፍለ ግዛቷ) ከግርጌ ናት፤ አንደኛዋ ድሃዋ ሉዊዚያና።

እና ሰው ለምን ይሄዳል? የነግሌዘር ጥናት ከርእሱ ይልቅ እዚህ ላይ ይጥማል፤ ደስታ በራቃቸው ከተሞች ደሞዙ ከፍ ይላል። እያሽቆለቆሉ ያሉት ከተሞች ደግሞ ትናንት በሀብታቸው ዘመንም ቢሆን ደስተኛ አልነበሩም።

[ምስል፦ ጥቁርና ነጭ ፎቶ፤ የዲትሮይት መኪና መገጣጠሚያ።]

ዲትሮይትን ውሰዱ። በ1913 የፎርድ ፋብሪካ 14,000 ያህል ሠራተኛ ሥራው ላይ ለማቆየት በዓመት 52,000 ገደማ ሰው መቅጠር ነበረበት። መስመሩ ላይ ቆሞ ያንኑ ብሎን ቀኑን ሙሉ ሲያጠብቅ የሚውል ሰው አይቆይማ! በጥር 1914 ሄንሪ ፎርድ የቀን ክፍያውን አምስት ዶላር አደረገው፤ እጥፍ ማለት ነው። ሰዉ በፋብሪካው በር ተጋፋ። ሥራው ግን ያው ነበር። ያን ጊዜ መሰላሉን ይዞ የሄደ ጠያቂ ቢኖር፣ ዝቅ ያለ ቁጥር የሚሰጠው ሠራተኛ ተታሎ የመጣ አልነበረም፤ ለልጆቹ ብሎ ሒሳቡን ሠርቶ ነው። ወደ ቤይሩት፣ ወደ ጅዳ የሄዱ እህቶቻችን ይህን ሒሳብ ከማንም ፕሮፌሰር በላይ ያውቁታል። ዲትሮይት በ1950 ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነበራት፤ በ2020 የቀራት 640,000 ያህል ነው። ደሞዙ ሄደ፣ ቅሬታው ቀረ።

ፒትስበርግም ከዚያው ጥናት ግርጌ አካባቢ ናት። ይቺኑ ከተማ ራንድ ማክናሊ የተባለው አሳታሚ የከተሞች መመሪያ በ1985 ለኑሮ ከአሜሪካ አንደኛ ብሏት ነበር። ያውም ብረት ማቅለጫዎቿ እየተዘጉ፣ የሠራተኞቹ ልጆች ሻንጣ እየሸከፉ ሳለ። መመሪያው ነዋሪውን አልጠየቀም፤ የቆጠረው የቤት ዋጋን፣ ሆስፒታሉን፣ ወንጀሉን ነው።

ዛሬም ከታወቁት ደረጃዎች አንዱ እንዲሁ ነው። የኢኮኖሚስት መጽሔት እህት የሆነው የጥናት ተቋም፣ ኢኮኖሚስት ኢንተለጀንስ ዩኒት፣ 173 ከተሞችን በጸጥታ፣ በጤና፣ በባህልና አካባቢ፣ በትምህርትና በመሠረተ ልማት ይመዝናል። ደማስቆ ለዓመታት መጨረሻ ናት፤ በ2025ም መጨረሻ ሆነች። በታኅሣሥ 2024 የአሳድ አገዛዝ ሲወድቅ ሕዝቡ በኡመያድ አደባባይ ሲጨፍር ያደረበት ነገር ከአምስቱ ሚዛኖች በየትኛው ይገባል? መብራቱና ሆስፒታሉ አልተጠገኑም ነበር፤ ስለዚህ ቦታዋ ያው ሆነ። ለሚለካው ነገር ትክክል ነው። «ኑሮ እንዴት ነው?» ለሚለው ግን መልስ አይደለም።

ይህ ደረጃ ለማን ይጠቅማል ካላችሁ፣ አንዱ ሥራው ኩባንያዎች ወደ ሌላ አገር ለሚልኩት ሠራተኛ የችግር አበል እንዲተምኑ መርዳት ነው። ከ100 ነጥብ ከ80 በላይ ያገኘች ከተማ ላይ ጭማሪ የለም። ከ50 በታች ከሆነች፣ የተጠቆመው ጭማሪ የደሞዙ 20 በመቶ ነው። እንግዳው በሻንጣው መጥቶ አበሉን ይቀበላል። በሩን የሚከፍትለት ዘበኛ እዚያው ተወልዶ፣ ያንኑ መንገድ እየረገጠ፣ ያንኑ ውሃ እየጠጣ ኖሯል፤ ለእሱ በዚያ ነጥብ ላይ የሚታሰብ ጭማሪ የለም፣ መጥቶ የጠየቀውም የለም።