የኮክ ኮብለር በፍልሰታ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ደሴ ላይ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ከተሰማችሁ ታገሡኝ።

የማወራችሁ ስለ ኮክ ነው። በተለይ ከኮክ ስለሚሠራው ኮብለር። ለማታውቁት፣ ኮብለር ፍሬው ከታች፣ ሊጡ ከላይ ሆኖ አብሮ የሚበስል የአሜሪካኖች ጣፋጭ ነው። ታቹ ጭማቂ፣ ላዩ ዳቦ ይሆናል። ሊጡን መዳመጥ የለ፣ ማስዋብ የለ።

እኔን የሳበኝ አሠራሩ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አሜሪካ ምዕራብ የሚጓዙ ሰፋሪዎች የዳቦ ምድጃ አልነበራቸውም። ወፍራም የብረት ድስት ግን ነበራቸው። ፍም ላይ ይጥዱታል፣ ክዳኑም ላይ ፍም ይከምሩበታል። ይህንን ሳነብ ወዲያው የመጣልኝ ድፎ ዳቦ ነው። ኮባው ተነጥፎ፣ ሊጡ ተገልብጦ፣ ከላይ ምጣድ ተደፍቶበት፣ ከላይም ከታችም እሳት። እናቶቻችን ይህንን ሙያ ማንም ሳያስተምራቸው ያውቁታል። ስለዚህ «ኦቭን የለኝም» የምትሉኝ ሰዎች፣ አያስፈልጋችሁም። መብራትም ይጥፋ፣ ከሰል ካለ ይሠራል።

ወደ ፍሬው እንምጣ። የኮክ ዛፍ ብርድ ይፈልጋል። ቅጠሉን አራግፎ በብርድ ካላረፈ በደንብ አያብብም። ለዚህ ነው ደጋው የሚስማማው። የባቲን መንገድ ይዛችሁ ቁልቁል ስትወርዱ የሚቀበላችሁ ፓፓያ ነው፣ እዚህ እኛ ጋ ግን ክረምቱ ሲገባ ኮኩ ይደርሳል። የአገራችን ኮክ ትንሽ ነው፣ ጠንከር ይላል፣ ሥጋው ከውስጡ ጠንካራ ፍሬ ጋር ተጣብቆ አልላቀቅም ይላል። ፈረንጆቹ ቪዲዮ ላይ ለሁለት ከፍለው ፍሬውን ሲያወጡት አይታችሁ ካሰባችሁ፣ አይሆንም። በቢላ ዙሪያውን እየቆረጣችሁ አውጡት። ጊዜ ይፈጃል። ግን ይህ ጠንካራ ኮክ ሲበስል አይፈርስም፣ ኮምጠጥ ስለሚልም ስኳሩን ይሸከመዋል። ለኮብለር ከትልልቁና ከለስላሳው እኔ ይህንን እመርጣለሁ። ያንን ጠንካራ ፍሬ እየሰበራችሁ ውስጡን ለልጆች አትስጡ፣ መርዝነት አለው።

አሠራሩን ልንገራችሁ። አንድ ኪሎ ኮክ፣ ግማሽ ብርጭቆ ስኳር፣ የአንድ ሎሚ ጭማቂ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት። ቀረፋ የተለመደ ነው። እኔ ትንሽ ኮረሪማ እጨምራለሁ፣ ከኮክ ጋር እንዴት እንደሚሄድ ሞክራችሁ ፍረዱ። ለውሳችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል ተዉት፣ ውኃ ያወጣል። ለሊጡ ሁለት ብርጭቆ ፉርኖ ዱቄት፣ ቁንጥር ጨው፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር። የውጭ አሠራሮች ሦስት ይላሉ። ደሴ ግን ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስለሚሳሳ ሊጡ ቶሎ ይነፋና መልሶ ይወድቃል፣ ስለዚህ ቀንሱ። ውኃም እዚህ በ92 ዲግሪ ገደማ ነው የሚፈላው። ኮኩ እስኪወፍር ትንሽ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል፣ አትቸኩሉ። የፍሙ ነገር ደግሞ፣ ከታች ያነሰ፣ ከላይ የበዛ ይሁን። ስኳሩ ከታች ነው ያለው፣ ቶሎ ያራል።

ቅቤውስ? የዛሬ ጉዳዬ እዚህ ጋ ነው።

የኮብለር ሊጥ በቅቤ ነው የሚሠራው። ኮኩ የሚደርሰው ደግሞ አብዛኛው ጎረቤቴ ፍልሰታን በሚጾምበት ሰሞን ነው። ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ ልጆች ሳይቀሩ የሚጾሙት ጾም። በቅቤ ሠርቼ ቡና ላይ ባቀርበው ግማሹ ሰው እጁን ይሰበስባል። ስለዚህ በዘይት ነው የምሠራው። የኑግ ዘይት ሽታው ኮኩን ይሸፍነዋል፣ የሱፍ ይሻላል። የብርጭቆ ሲሶ ዘይት፣ ሊጡ እስኪያያዝ ድረስ ደግሞ ቀዝቃዛ ውኃ። ወተትም እንቁላልም የለበትም።

አንዳንድ ሰው «ቅቤ ከሌለውማ ኮብለር አይደለም» ይለኛል። አልስማማም። ሊጡ ትንሽ ይደርቃል፣ እውነት ነው። ግን ጣፋጭ ለማን ነው የሚሠራው? ወሎ ውስጥ ድግስ ሲኖር ሥጋው ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ለየብቻ ይታረዳል። ማንም አይከፋውም፣ ደጋሹ አስቀድሞ ያስብበታል፣ ክብሩም እሱ ነው። እኔ የማደንቀው ይህንን አስቀድሞ ማሰብ ነው። እንግዳው «ይህ ውስጡ ምን አለው?» ብሎ እንዲጠይቅ አታደርገውም። ሳይጠይቅ የሚበላውን ታቀርብለታለህ።

ባለፈው ክረምት ቅዳሴ የወጡት ከሰዓት መጡ፣ ግድግዳ የምንጋራቸው ሙስሊም እናትም መጡ። ቡናው አቦሉ ሲወርድ ኮብለሩን ከነድስቱ አቀረብኩት። እሳቸው ቀመሱና «ማሻ አላህ፣ ይቺ እኮ የኛው ኮክ ናት!» አሉ። ከዚያ ጾመኛዋን ጎረቤቴን «ብዪ እንጂ ልጄ፣ ዘይት ነው፣ እኔ ሲሠራ አይቻለሁ» ብለው አጎረሷት። አስቡት፣ የጾሙ ምስክር እሳቸው ሆኑ! እኔ ይህንን ለማየት ስል ቅቤውን ዕድሜ ልኬን እተወዋለሁ።

ጾም በሌለበት በቅቤ ሥሩት፣ ነጻ ናችሁ። ያልተነጠረ ለጋ ቅቤ ይሁን፣ ወጥ የሚሠራበት ቅመም የገባው ቅቤ ጣፋጩን ያበላሸዋል።

ሰኞ ገበያ የምትወጡ ከሆነ ጠዋት ሂዱ፣ ረፋድ ላይ የተመረጠው ኮክ አልቋል። ነካ አድርጋችሁ ጠንከር ያለውን፣ ሽታው ግን የወጣውን ውሰዱ። ሠርታችሁ እንዴት እንደሆነላችሁ ድምፅ ላኩልኝ፣ በተለይ ኩበት ላይ የሞከራችሁ፣ የእናንተን መስማት እፈልጋለሁ። በሚቀጥለው እንገናኝ።