ባለሦስት እጁ አባቴ እና ፒየር ሞሊኒዬ

ዳዊት፦ ዛሬ የምናወራው ስለ ፒየር ሞሊኒዬ ነው። ፈረንሳዊ ሠዓሊ፣ ፎቶ አንሺም። በፊት ግን አንድ ነገር ልንገርሽ።

ሰላም፦ ጀመረው!

ዳዊት፦ እናቴ ሳሎን የሰቀለችው የቤተሰብ ፎቶ አለ። አባቴ ያኔ ክፍለ ሀገር ስለነበር ፎቶ ቤት አልመጣም። ፎቶ አንሺው ምን አደረገ መሰለሽ? አባቴን ከድሮ ፎቶ በመቀስ ቆርጦ አጠገባችን ለጠፈውና መልሶ አነሳው። ትከሻዬ ላይ ግን እጅ አለ። የማን እንደሆነ እስካሁን አልታወቀም።

ሰላም፦ አባትህስ?

ዳዊት፦ እጁን አጣምሮ ነው የቆመው! ሦስተኛው እኔ ላይ።

ሰላም፦ (ሳቅ) በቃ ሞትኩ። እሺ፣ ሞሊኒዬ ጋ መቼ ነው የምንደርሰው?

ዳዊት፦ ደርሰናል እኮ! እሱም ቦርዶ በምትባል የፈረንሳይ ከተማ ቤቱ ቁጭ ብሎ ይሄንኑ ነበር የሚሠራው፣ በፈረንጆቹ 1960ዎቹ። ስቶኪንግ፣ ታኮ ጫማ፣ ጭምብል አድርጎ ራሱን ያነሳል። ከዚያ ያጠበውን ፎቶ ይቆርጥና እግር በእግር ላይ ደርቦ እንደገና ያነሳዋል። መጋጠሚያው አይታይም። አንድ ገላ፣ ዙሪያውን እግር ብቻ።

ሰላም፦ አባትህን አስከነዳው።

ዳዊት፦ እንጀራው ደግሞ ቤት መቀባት ነው! ቀለም ቀቢ። መጀመሪያ ላይ መልክዓ ምድር ነበር የሚሥለው፣ ጨዋ ሥዕል። 1951 ላይ ግን ቦርዶ ኤግዚቢሽን ላይ እርቃን ገላ የተጠላለፈበትን ሥዕል ሲያቀርብ በጨርቅ ሸፈኑበት። 1956 ላይ የሱሪያሊስቶቹ፣ የእነዚያ ሕልም መሳይ ነገር የሚሠሩት ጥበበኞች፣ አለቃ አንድሬ ብሬቶን ፓሪስ ላይ አሳየለት። አየሽ፣ ቀለም ቀቢው...

ሰላም፦ ቆይ፣ ቆይ። ዕድሜ ልክ የራስህን እግር ማንሳት ጥበብ ነው? እኔ ራስ ወዳድነት ነው የምለው። ሳሎኔም አልሰቅለውም።

ዳዊት፦ ማን ስቀይው አለሽ? ሰውዬው በዚያ ዘመን፣ በዚያ ከተማ፣ ገላዬ ወንድም ሴትም ነው ብሎ ራሱን በመቀስ እንደገና ሠራ። 1950 ላይ እኮ ለራሱ መቃብር ሠርቶ መስቀሉ ላይ የሞተበትን ዓመት ጽፏል! በሕይወት እያለ!

ሰላም፦ ይቺ ደስ አለችኝ። እግሩን ግን አልቀበልም። መቼ ሞተ ታዲያ?

ዳዊት፦ 1976፣ በ75 ዓመቱ። ራሱን አጠፋ።

ሰላም፦ ኧረ... ያሳዝናል።

ዳዊት፦ በጣም። ግን የመቀስ ሥራው...

ሰላም፦ ተመለሰ ደግሞ! የመቀስ ሥራው ጎበዝ ነው፣ ያንን ልስጥህ። ጥበብ ነው አላልኩም።

ዳዊት፦ ግማሹን አመንሽ።

ሰላም፦ ሩቡን። አሁን ስለዚያ እጅ ንገረኝ፣ ቀለበት ነበረው?

ዳዊት፦ ነበረው። አባቴ ግን ቀለበት አድርጎ አያውቅም።