መታወቂያው ሰገባው ላይ ነው

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ! ነገ ጠዋት ደን ትገባላችሁ። ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉ የማይረግፍ፣ ጥቅጥቅ ያለ ደን ነው። ከመግባታችሁ በፊት ስለ ራታን ጥቂት ላውራችሁ።

ራታን የዘንባባ ወገን ነው። ግን ራሱን ችሎ አይቆምም፤ ዛፍ ላይ እየተንጠላጠለ ወደ ብርሃን ይወጣል። ካላመስ ማናን የሚባለው ርዝመቱ ከ100 ሜትር ያልፋል። ወንበር ሆኖ ስታዩት ቀርከሃ ይመስላችሁ ይሆናል። ቀርከሃ ውስጡ ክፍት ነው፣ ራታን ግን ድፍን ነው። ራታን መሆኑን ማወቅስ ቀላል ነው። ራስ የሚያዞረው የትኛው ራታን እንደሆነ መለየቱ ነው። ከ500 በላይ ዝርያዎች አሉ።

ጀማሪ ሳለሁ የሚያምር ቅጠል ቆርጬ ይዤ ተመለስኩ። ዝርያውን የነገረኝ ሰው አልነበረም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ መታወቂያውን እዚያው ግንዱ ላይ ትቼው ነበር የመጣሁት።

መታወቂያው ሰገባው ነው፤ የቅጠሉ ግርጌ ግንዱን ጥቅልል አድርጎ የሚሸፍንበት ክፍል። እሾሁን እዩ። ተበታትኗል ወይስ በረድፍ ቆሟል? ወደ ላይ ነው ወይስ ወደ ታች ያጋደለው? ከቅጠሉ አገዳ ሥር እንደ ጉልበት ያበጠ ነገር አለ? ሰገባው አፍ ላይ አንገትጌ የመሰለ ነገርስ? ኮርታልሲያ ከሚባሉት በአንዳንዶቹ ይህ አንገትጌ ተነፍቶ የጉንዳን ቤት ይሆናል። ተክሉን ስትነኩት ጉንዳኖቹ ቤታቸውን በሰውነታቸው ይደበድባሉ፤ ድምፁ ይሰማል። ይህን ለመስማት ብቻ ደን መግባት ይገባል እላለሁ።

ቀጥሎ በምን እንደሚንጠላጠል እዩ። አንዳንዱ የቅጠሉ ጫፍ ረዝሞ ባለመንጠቆ ጅራት ይሆናል። ሌላው ከሰገባው ላይ ጅራፍ ያወጣል። ሁለቱን አታምታቱ። ለጋ ተክል ላይ ግን አንዱንም ላታገኙ ትችላላችሁ።

ፍሬ ካገኛችሁ እሰየው! ልጣጩ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ ነው። ካላመስ የሚባሉት ራታኖች ወንዱና ሴቱ ለየብቻ ስለሚበቅሉ፣ ፍሬ የሌለው ሁሉ ያልደረሰ አይምሰላችሁ።

የግንዱን ውፍረት ሁለት ቦታ ለኩ፤ ላይ ከነሰገባው፣ ታች ሰገባው በተራገፈበት። ቀለሙን እዚያው ጻፉ፤ ሲደርቅ ይለወጣል። ጓንት እንዳትረሱ።

ነጠላ ግንድ ያለው ካጋጠማችሁ ግን፣ አደራ፣ አትቁረጡት። ካላመስ ማናን ለምሳሌ ባለ ነጠላ ግንድ ስለሆነ፣ አንዴ ከተቆረጠ መልሶ አያቆጠቁጥም። ፎቶ አንሱት፤ ከሥሩ የወደቀ ሰገባ ካለ እሱን ይዛችሁልኝ ኑ።