ለትንሽ ስፖርት መኪና የሚስማማው ጎማ

የተከበራችሁ የከተማችን አሽከርካሪዎች፣ መካኒኮች፣ ጎሚስታዎችና የመኪና ወዳጆች፤ እንደምን አደራችሁ።

እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ የትንሽ ስፖርት መኪና ጎማ አመራረጥና እሷን መንዳት የሚሰጠው ደስታ ነው። ጎንደር ውስጥ እንዲህ ያለች ባለ ሁለት ወንበር መኪና ብርቅ ናት፤ ከአዘዞ ተነሥታ ፒያሳ እስክትደርስ ልጅ አዋቂው ዞሮ ያያታል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት ስለተከለከለ፣ በእጃችን ያሉትን ጠብቆ ከመንዳት በቀር ብዙ ምርጫ የለንም። ዛሬ ከምናገረው አብዛኛው ለቪትዝም ለኮሮላም ይሠራልና ስፖርት መኪና የሌላችሁ ቅር አይበላችሁ።

የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው፤ ቀላል መኪና ሰፊ ጎማ ሲገጠምላት ለዓይን ታምራለች፣ ለነጂዋ ግን ትደነዝዛለች፤ በእኛ መንገድና በእኛ ከፍታ ላይ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል።

ለአብነት ማዝዳ ኤም ኤክስ 5ን፣ ብዙዎች ሚያታ የሚሏትን፣ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1989 ለሕዝብ ስትቀርብ ክብደቷ ከአንድ ቶን በታች፣ ሞተሯ 1.6 ሊትር፣ የምትገፋውም በኋላ እግሮቿ ነበር። ፋብሪካው የገጠመላት ጎማ ስፋቱ 185 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ በጎኑ 185/60 አር 14 የሚል ሲሆን፣ ዛሬ ይህን ልክ ለቤተሰብ መኪና እንኳ ጠባብ ነው የሚል አይጠፋም። የማዝዳ መሐንዲሶች ግን መኪናዋን ሲነድፉ መሪ ሐሳባቸው ያደረጉት ፈረሰኛውና ፈረሱ አንድ አካል ሲሆኑ ያለውን ስሜት ነበር፤ የጥምቀት ሰሞን ጉግስ እያየ ላደገ ሰው ይህን ማብራራት አያስፈልገኝም። ቶዮታም እ.ኤ.አ. በ2012 ጂቲ 86 የተባለችውን ስፖርት መኪና ሲያወጣ፣ በብዙ አገሮች ገጥሞ የሸጠላት ሚሼሊን ፕራይመሲ የተባለ ጎማ ነበር። ይህ ጎማ ለምቾትና ለነዳጅ ቁጠባ የተሠራ ሲሆን ነዳጅ ቆጣቢ ለሆነችው የቶዮታ የቤት መኪና ለፕሪየስም ይገጠም ስለነበር ብዙ ሰው ተገርሞበታል። መሐንዲሶቹ ግን ሆን ብለው ነው ያደረጉት፤ መኪናዋ በመጠነኛ ፍጥነት ጠባይዋን እንድታሳይና ነጂው ሚዛኗን በመሪና በነዳጅ መስጫው እንዲገዛ ፈልገው ነበር።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ትንሽ ጠለቅ ብለን እንይ። መሪ ስናዞር ጎማው ቸርኬው ወዳመለከተበት አቅጣጫ ወዲያው አይሄድም። አስፋልቱን የያዘው ላስቲክ ይጠመዘዛል፣ የጎማው ጎን ይለመጣል፣ መኪናዋም ቸርኬው ከሚያመለክተው አቅጣጫ በጥቂት ዲግሪ ወጣ ብላ ትታጠፋለች። የተጠመዘዘው ላስቲክ ሊቃና ሲል መሪውን ወደ መሀል ይጎትተዋል፤ በኩርባ ላይ በእጃችን የሚሰማን ክብደት በአብዛኛው ከዚህ የሚመጣ ነው። ጎማው መያዝ ሊያቅተው ሲቃረብ ደግሞ ከመልቀቁ በፊት ይህ ጉተታ ይቀንሳል፣ መሪውም በእጅ ላይ ቀለል ይላል። ጎማ ለነጂው የሚነግረው ዋናው መልእክት ይህ ሲሆን፣ መጠነኛ ስፋትና ከፍ ያለ ጎን ያለው ጎማ መልእክቱን በዝግታና አስቀድሞ ያደርሳል። ሰፊው፣ ጎነ አጭሩና ደረቁ ጎማ ከዚያ በላይ ይይዛል፤ ሲለቅ ግን ብዙ ጊዜ የማስጠንቀቂያው ጊዜ አጭር ነው።

አሁን ወደ ከተማችን እንምጣ። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። አየሩ ስስ በመሆኑ ተርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተር የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ገደማ ያጣል፤ 115 የፈረስ ጉልበት አላት የተባለች መኪና እዚህ ያላት ከ90 ብዙ አይበልጥም ማለት ነው። እንዲህ በሆነች መኪና ላይ ከባድ ቸርኬና 215 ሚሊ ሜትር ጎማ መጫን፣ ያነሰውን ጉልበቷን ጎማ በማሽከርከር እንድትጨርሰው መፍረድ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ደግሞ ቀላል መኪና በሰፊ ጎማ ላይ ስትሆን በአስፋልቱ ላይ በቆመው ውኃ ቶሎ ትንሳፈፋለች። ኮብልስቶኑን እናንተው ታውቁታላችሁ፤ 17 ኢንች ቸርኬ በጣት በማይሞላ ላስቲክ ተሸፍኖ በእርሱ ላይ ሲሄድ የሚያወጣውን ድምፅ የሰማ ጎሚስታ ደንበኛው በቅርቡ እንደሚመጣለት ያውቃል።

ልኩን ማስላት ከባድ አይደለም። 185/60 አር 14 ሲባል 185 ስፋቱ በሚሊ ሜትር፣ 60 የጎኑ ከፍታ ከስፋቱ ያለው መቶኛ፣ 14 ደግሞ የቸርኬው ልክ በኢንች ነው። የጎኑ ከፍታ 111 ሚሊ ሜትር፣ የሙሉ ጎማው ዲያሜትር 578 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል ማለት ነው። በ14 ኢንች ጥሩ የስፖርት ጎማ ማግኘት እያስቸገረ ስለመጣ ወደ 195/50 አር 15 ብንሸጋገር ዲያሜትሩ 576 ይሆናል፤ ልዩነቱ ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ የፍጥነት መለኪያው አይዋሽም፣ ማርሹም አይረዝምም። የእኔ ምርጫ ይህ ነው፤ ከዚያ በላይ መሄድ አያስፈልግም ባይ ነኝ። ከልኩ ቀጥሎ የሚጻፈው ለምሳሌ 82 ኤች ቢሆን፣ አንዱ ጎማ 475 ኪሎ እንደሚሸከምና እስከ 210 ኪሎ ሜትር በሰዓት እንደሚፈቀድለት ይናገራል፤ ሁለተኛውን ቁጥር ለመፈተን የሚያስብ እዚህ አዳራሽ ውስጥ እንደማይኖር ተስፋ አደርጋለሁ።

ከልኩ ይልቅ የሚዘነጋው ዕድሜው ነው። በጎማው ጎን ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አኃዞች ታገኛላችሁ፤ 2321 ከሆነ ጎማው በ2021 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ዓመቱ የፈረንጆቹ ነውና በእኛ አቆጣጠር እንዳታነቡት፤ በእኛ 2013 ዓ.ም. ሰኔ መግቢያ ላይ ይውላል። ስፖርት መኪና ብዙ ጊዜ ቆማ ስለምትውል የጎማዋ ጥርስ ሳያልቅ ላስቲኩ ያረጃል፤ የደጋው ፀሐይም ያፋጥነዋል። ጥርሱ ሙሉ ነው ተብሎ የሚቀርብላችሁን ያገለገለ ጎማ ከመግዛታችሁ በፊት ጎኑን ለመጥ አድርጋችሁ በጥርሱ ሥርና በጎኑ ላይ ስንጥቅ ፈልጉ።

የንፋሱ ነገር ከሁሉ ርካሹ፣ ከሁሉም በላይ የሚበላሸው ነው። ጎሚስታው «ስንት ልሙላው?» ሲል መልሳችን «35 አድርገው» ነው፤ ለቪትዝም፣ ለፒክአፑም፣ ለሁሉም። የመጀመሪያዋ ሚያታ ፋብሪካ ያዘዘላት ግን 26 ፒ.ኤስ.አይ. (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ነው፤ ቀላል ናታ። 35 ሲሞላባት ጎማው በመሀሉ ብቻ መንገዱን ይነካል፣ በየኮረቱ ትዘላለች፣ ቀደም ብዬ የነገርኳችሁ የመሪ መልእክትም ይጠፋል። አንድ ነገር ልጨምር፤ መተማ ላይ ንፋስ ሞልቶ ወደ ጎንደር የሚወጣ ሰው፣ ከፍታው ስለጨመረ ብቻ መለኪያው 2 ፒ.ኤስ.አይ. ያህል ከፍ ብሎ ያሳየዋል። በሌላ በኩል ከቆላው ሙቀት ወደ ደጋው ቅዝቃዜ ሲገባ ያንኑ ያህል ገደማ ይቀንሳል። ሁለቱ አንዳንዴ ይጣፋሉ፣ አንዳንዴ አይጣፉም፤ ስለዚህ የመተማውን ቁጥር ትታችሁ እዚሁ፣ ጠዋት፣ መኪናዋ ሳትነሣ ለኩ። ከዚያ በኋላ በፊት ወይም በኋላ አንድ ሁለት እየጨመራችሁና እየቀነሳችሁ ጠባይዋ እንዴት እንደሚለወጥ መሞከር የስፖርት መኪና ባለቤት መብት ነው።

ሁለት አዲስ ጎማ ብቻ መግዛት ከቻላችሁ ከኋላ ይገጠሙ። ይህን ስናገር መካኒኮች ሁልጊዜ ይከራከሩኛል፣ መሪው ያለው በፊት ነው ይላሉ። የፊቱ ሲሸሽ ግን ነዳጁን ለቀቅ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይመልሳታል፤ በእርጥብ ኩርባ ላይ የኋላው ሲወጣ ለመመለስ ልምድም ቦታም ይጠይቃል። ከመግጠማችሁ በፊት አሮጌውን ጎማ በእጃችሁ መርምሩት፤ መዳፋችሁን በጥርሱ ላይ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከዚያም ከውስጥ ወደ ውጭ አሻሹ። በአንዱ አቅጣጫ ልስልስ ብሎ በሌላው ቆዳችሁን የሚቧጥጥ ከሆነ አላይመንቱ፣ ማለትም የጎማዎቹ አቅጣጫና አቋም፣ ተበላሽቷል፤ ሳይስተካከል የሚገጠም አዲስ ጎማም በዚያው መልክ ይበላል።

ስለ መንዳቱ ያለኝ አጭር ነው፤ ይህ በወሬ አይገኝምና። ወደ ደባርቅ የሚወስደውን መንገድ፣ ከዚያም ጣሊያን በወረራው ዘመን ገደሉን ጠርቦ የሠራውን የሊማሊሞን ቁልቁለት የምታውቁ ሁሉ ኩርባ አልጎደለብንም ብትሉ አልከራከርም። በቀጥታው ላይ ፍሬን ያዙ፣ ኩርባው ሳይደርስ ቀስ ብላችሁ ልቀቁ፣ መሪውን አንዴ አዙራችሁ ያዙት፣ መውጫው ሲታይ ነዳጅ ስጡ። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ወደ ደባርቅ ስትወጡ የስፖርት ጎማ ላስቲክ በብርድ ስለሚደርቅ እስኪሞቅ ድረስ አትቸኩሉበት።

በዚህ መንገድ ላይ ከብት ይሻገራል፣ ተማሪ በጠርዙ ይሄዳል፣ አህያ እንጨት ጭና ከኩርባው ጀርባ ትቆማለች። ሰፊ ጎማ የገጠመ ሰው የመኪናውን ጠባይ ለማየት 100 እና ከዚያ በላይ መንዳት ይኖርበታል፤ እዚያ ፍጥነት ላይ ደግሞ ለአህያዋም ለተማሪውም የሚተርፍ ጊዜ የለም። ልከኛ ጎማ ያላት መኪና በ50 እና በ60 ላይ ሳለች መሪዋ ይናገራል፣ ክብደቷ ከፊት ወደ ኋላ ሲዘዋወር በወንበር ላይ ይሰማል። ለእንዲህ ያለ አገር ጠባቡን ጎማ የምመርጥበት ትልቁ ምክንያቴ ይህ ነው።

ሌሊቱን በግቢው ያደሩት መኪኖች ጎማቸው ገና ቀዝቃዛ ነው። ፀሐይዋ ሳትበረታ መለኪያውን ይዘን እንውጣና ከበሩ አጠገብ ካለችው እንጀምር፤ ጥያቄያችሁን እዚያው እቀበላለሁ። አመሰግናለሁ።