ተስፋ ሲሞት ድንኳን አይጣልም

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ላወራችሁ የፈለግሁት ያሰብነው ሳይሆን ሲቀር ስለሚመጣው መከፋት ነው።

እኔ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ነኝ። ፈተናው መጀመሪያ በዩኒቨርሲቲ ግቢ የተሰጠው ለእኛ ነው፤ ጥቅምት 2015 ላይ። ብርድ ልብሳችንን ይዘን፣ ስልካችንን ቤት ትተን ገባን። ጥር ላይ ውጤት መጣ። ወደ 900 ሺህ ከምንጠጋው ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። እኔም አላለፍኩም።

"ያልወደቀ ማን አለና ነው የሚከፋሽ?" ይሉኝ ነበር። እውነት ነው፣ ብዙ ነን። ግን የእናቴን ፊት ያየሁት እኔ ነኝ። ስልኩን ከእጄ ተቀብላ፣ ቁጥሩን ደጋግማ አይታ፣ ምንም ሳትል ወደ ጓዳ ገባች።

ከዚያ "ለበጎ ነው" መጣ። በደግነት እንደሚሉት አውቃለሁ፤ እኔም አምናለሁ፣ እግዚአብሔር የሚያውቀው አለ። ግን በዚያው ቀን ሲመጣ አፍ ያስዘጋል። ማልቀስ እንኳ አለማመን ይመስላል።

ሰው ሲሞትብን እኮ እንዲህ አንቸኩልም። ድንኳን ይጣላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ጎረቤት አብሮ ይቀመጣል። ማታ ላይ ደግሞ ካርታ ይወጣል። አንዱ ሟች ሲያደርግ የነበረውን ያነሳል፣ ስታለቅስ የዋለችው ልጅ ራሷ ትስቃለች። ማንም አይታዘባትም። ነገ ተመልሳ ታለቅስ ይሆናል፤ ለዚያም ማንም አይታዘባትም። ተስፋ ሲሞትብን ግን የሚቀመጥልን የለም። ስለዚህ ወይ ጨርሰን መርሳት ያለብን፣ ወይ መሳቅ የተከለከለብን ይመስለናል።

እኔን ያወጣችኝ አክስቴ ናት። ሱቅ አላት። ምንም አልመከረችኝም፤ "ነይ አግዢኝ" ብቻ አለችኝ። ዳቦ መቁጠር፣ ስኳር መመዘን፣ ዱቤ መጻፍ። የዱቤ ደብተሯን ብታዩት! ሰዎቹን በስማቸው አይደለም የምትጽፋቸው። "ባለ ሰማያዊ በሩ፣ ዘይት።" "የመንታዎቹ እናት፣ ሳሙና።" "ቀስ ብሎ የሚያወራው፣ ፓስታ።" አንድ ከሰዓት ይህን ሳነብ ሳቄ አመለጠኝ። ወዲያው ደነገጥኩ። እናቴ ገና አንገቷን ደፍታ እኔ እንዴት እስቃለሁ?

በኋላ ቀስ ብሎ የሚያወራው ሰውዬ ራሱ መጣ። ሽማግሌ ናቸው። አንድ ክብሪት ለመግዛት ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ድሮ የሰፈሩ መንገድ ያወራሉ። ሌላው ደንበኛ ይቁነጠነጣል። እኔ ግን የሚመጡበትን ሰዓት መጠበቅ ጀመርኩ። ውጤቴን አያውቁም። ሲወጡ "ተባረኪ ልጄ" ይሉኛል። መከፋቴ አልለቀቀኝም ነበር፤ ደስታውም ግን እውነተኛ ነበር።

ሰው ሲከፋው ደራርቱ ቱሉን እንጠቅሳለን። በ1992 እ.ኤ.አ. ባርሴሎና ላይ ወርቅ፣ አትላንታ ላይ አራተኛ፣ በ2000 ሲድኒ ላይ እንደገና ወርቅ። የሚያምር ታሪክ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን መሀሉ ነው። ከአትላንታ እስከ ሲድኒ አራት ዓመት ነው፤ በዚያ መሀል ልጅ ወልዳለች። ሲድኒ እንደሚሳካላት ማን ነገራት? ያ ሁሉ ጠዋት ሜዳሊያው ሳይታወቅ የተኖረ ነው። እኔም በኋላ በግል ተፈትኛለሁ። ውጤቱን ዛሬ አልነግራችሁም፤ ከነገርኳችሁ ሱቁ ውስጥ ያለፈው ጊዜ መጠባበቂያ ብቻ ይመስላል። አልነበረም። ኑሮዬ ነበር።

ውጤት በወጣ ቁጥር ያላለፈ ልጅ ያለበት ቤት ብዙ ነው። እባካችሁ፣ "አሁን ምን አሰብክ?" የሚለውን ለጥቂት ቀን አቆዩት። ገበያ ስትሄዱ ይዛችሁት ሂዱ። ሽንኩርት አስልጡት። ከሳቀ አብራችሁት ሳቁ፣ ማታ ካለቀሰም "ቅድም ስትስቅ አልነበር?" አትበሉት።

እናንተም ያሰባችሁት ቀርቶባችሁ ከሆነ፣ ድምፃችሁን ቀርጻችሁ በቴሌግራም ላኩልኝ። ረጅም ቢሆንም እስከ መጨረሻው እሰማዋለሁ። ሳምንት እንገናኝ፣ ቻው።