ድድ ሲደማ «ልማዱ ነው» አንበል

(በትምህርት ቤት የጤና ቀን ለወላጆችና ለመምህራን የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ ወላጆች፣ መምህራን፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

የጥርስ ሐኪም ነኝ። ጥርሱን ሊያስነቅል የመጣ ሰው ተጉመጥምጦ ሲተፋ ሳህኑ ይቀላል። «ድድህ ይደማል እንዴ?» ስለው፣ «ኧረ እሱ ልማዱ ነው!» ይለኛል። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚህ «ልማድ» ነው።

ጤነኛ ድድ መፋቂያ ስለነካው ብቻ አይደማም። ጥርስና ድድ በሚገናኙበት ቦታ ቆሻሻ ሲጋገር ድዱ ያብጣል። ሲቆይ ከጥርሱ ይላቀቅና ኪስ ይሠራል። የኪሱ ውስጥ ስስና የቆሰለ ነው። እዚያ ስለሚራባው ባክቴሪያ ሰምታችኋል። ስለ ቫይረስ ግን ብዙም አይወራም።

ኤችፒቪን እንውሰድ። በማህፀን በር ካንሰር የምናውቀው ቫይረስ ነው። አፍና ጉሮሮንም ይይዛል። አብዛኛውን ጊዜ ሰውነት ራሱ ያጠፋዋል። ሳይጠፋ ከቆየ ግን፣ በተለይ 16 ቁጥር የሚባለው ዝርያ፣ የጉሮሮ ካንሰር ሊያስከትል ይችላል። ቫይረሱ የሚፈልገው ከላይኛው ሽፋን ሥር ያሉትን ሴሎች ነው። እዚያ ለመድረስ ጭረት ወይም ቁስል ያስፈልገዋል። የታመመ ድድ ደግሞ ቁስል ነው።

በ2013 እ.ኤ.አ. የቴክሳስ ተመራማሪዎች ከ30 እስከ 69 ዓመት የሆኑ የ3,439 አሜሪካውያንን መረጃ አይተው ነበር። የድድ ሕመም ባለባቸው ሰዎች አፍ ውስጥ ኤችፒቪ ከሌሎቹ በ51 በመቶ በልጦ ተገኘ። እንዳትደነግጡ! ሁለቱ አብረው ተገኙ ማለት አንዱ ሌላውን አመጣ ማለት አይደለም። ሁለቱም የተለኩት በአንድ ጊዜ ስለሆነ የትኛው እንደቀደመ ጥናቱ አይነግረንም። ስለዚህ ድዱ የደማን ሰው ሁሉ በቫይረስ እንዳትጠረጥሩብኝ፣ አደራ!

ለልጆቻችሁ ይበልጥ የሚቀርበው ሄርፒስ የሚባለው ቫይረስ ነው። ከንፈር ላይ ውሃ ቋጥሮ የሚወጣውን ምች ብለን ዳማ ከሴ እናሸትበታለን አይደል? ብዙውን ጊዜ ሄርፒስ ነው። ሕፃን መጀመሪያ ሲይዘው ትኩሳት ያመጣበታል፤ ድዱ ቀልቶ ያብጣል፣ አፉ ይቆስላል፣ ምግብ እንቢ ይላል። እናት «ጥርስ እያበቀለ ነው» ብላ ታልፈዋለች። ልጁ ውሃ ካልጠጣ ወይም ሽንቱ ከቀነሰ ግን ቶሎ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። ከንፈሩ የቆሰለ ዘመድም ቁስሉ እስኪድን ሕፃን አይሳም። አያትም ብትሆን! ይህን ለአያት መንገር ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ።

መፋቂያም ሆነ ቡሩሽ፣ ድዱ ሥር ድረስ በቀስታ ይድረስ። ደማ ብላችሁ መፋቅ አታቁሙ፤ ካቆማችሁ ይብስበታል። ጥርስ ላይ ተጋግሮ የደረቀው ቆሻሻ (ታርታር) ግን በመፋቂያ አይለቅም፤ በባለሙያ መታጠብ አለበት።

ሴት ልጆች ያላችሁ፣ የኤችፒቪ ክትባት በአገራችን ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ እየተሰጠ ነው። 16 ቁጥርንም ይከላከላል። የክትባት ባለሙያዎቹ ሲመጡ ልጃችሁን ከትምህርት ቤት አታስቀሯት።

አሁን ጥያቄ ካላችሁ እቀበላለሁ። ሰው ፊት መጠየቅ የከበዳችሁ ደግሞ ከስብሰባው በኋላ እዚሁ ታገኙኛላችሁ።